ባለቤት ያለው ባዶ መስመር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ደርዊሽ፣ ሎጊያ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰነበትክልኝ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም መሪውን ተደግፈህ ነው ከካቢና የምትወርደው? ሾፌሩ ያደታ ባለፈው ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ‹‹ሎጊያ ላይ ጎማው ሳይቀር ያልበዋል›› ብሎ አሳቀኝ፤ እዚያ ሙቀት ውስጥ የምትውለው አንተ መሆንህ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን ዋጥኩት። እናታችን እንዴት ናት? ጉልበቷ ለሱጁድ እሺ ይላታል ወይስ አሁንም ወንበር ላይ ነው የምትሰግደው? ሳዲያስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እዚህ አቃቂ ሁላችንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነን። ‹‹በአካል›› ማለቴን ሳትታዘበኝ እንደማትቀር አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የደበቅኩትን የምታገኘው ሰላምታዬ ሲረዝም ነበር፤ ይኸው ዛሬም ረዘመ።

ለምን አልደወልክም ትለኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ የሲሚንቶ ወሬ አውርቼህ ዘግቻለሁ። የምኖርበትን ሰርቢስና የጋሽ አቡዘርን ሳሎን የሚለያቸው አንድ የቺፑድ ግድግዳ ነው፤ እኔ ካስነጠስኩ ባለቤታቸው እትዬ ነዒማ ከወዲያ ሆነው ‹‹የርሐሙከላህ›› ይሉኛል። የምነግርህ ነገር ደግሞ የጋሽ አቡዘር ነገር ነው። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ያዝኩ።

ለማስተርስ የማጠናው ምን እንደሆነ ደጋግሜ ነግሬህ፣ አንተም ደጋግመህ ‹‹እሺ፣ ኮምፒውተር›› ብለህ አሳጥረህልኛል። አሁን ግን ታግሠህ አንብበኝ፤ ነገሩ አንተም ዘንድ ይደርሳል። ቃሊቲ በጭነት መኪኖች ማኅበሩ ግቢ የጭነት ተራ እንዴት እንደሚያዝ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ሾፌር ሲደርስ ተራ አስከባሪው ታርጋውን መዝገብ ላይ ያሰፍራል፤ ጭነት ሲመጣ ከላይ ወደ ታች ይጠራል። እኔ የሦስት ዓመቱን መዝገብ ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት። ከዚያም መጋዘኑ ማን መቼ እንደጫነ ከሚጽፍበት መዝገብ ጋር አስተያይቶ፣ ተራው ሳይደርስ የጫነውን መኪና ራሱ ለቅሞ የሚያወጣ ፕሮግራም ሠራሁ። መዝገቦቹን ከመደርደሪያ አውርደው፣ አቧራቸውን በእጃቸው ጠርገው የሰጡኝ ጋሽ አቡዘር ናቸው። ከአባታችን ጋር ከረዳትነት ዘመናቸው ጀምሮ አብረው ያረጁት፣ እሱን ቀብረን ስንመለስም ‹‹እኔ እያለሁ የወንድሜ ልጅ ቤት አይከራይም›› ብለው ሰርቢሱን የለቀቁልኝ እኚሁ ሰው ናቸው።

ፕሮግራሙ በሦስት ዓመት ውስጥ ያለተራ የተጫኑ ሁለት መቶ ዘጠኝ መኪኖች አገኘ። ጥቂቶቹ ሲቀሩ ሁሉም በአንደኛው ተራ አስከባሪ ፈረቃ የተጫኑ ነበሩ። እኔም የጥናት ሥነ ምግባር ያዛልና ስሙን ደብቄ ‹‹ተራ አስከባሪ ሁለት›› ብዬ ጻፍኩ። በግቢው ያሉት ተራ አስከባሪዎች ሁለት ብቻ መሆናቸውን እያወቅኩ፣ ስም ደበቅኩ ብዬ እፎይ አልኩ። ጋሽ አቡዘር መሆናቸውንስ አላወቅክም ወይ ብትለኝ፣ አውቅ ነበር። ዳታው የሚለውን ነው ያልኩት ብዬ ራሴን አታለልኩ። ተራ ሸጡ ብዬ አንድም ቦታ አልጻፍኩም፤ ‹‹ያልተለመደ›› ነው ያልኩት። የተማረ ሰው ሲፈራ ቃል ይመርጣል።

ማኅበሩ መዝገቡን እንድጠቀምበት የፈቀደው ውጤቱን እንዳቀርብለት ተስማምተን ስለነበር፣ መጋቢት ላይ በፕሮጀክተር አቀረብኩ። አጨበጨቡልኝ፤ ለስላሳ ጋበዙኝ፤ አንዱ እንዲያውም ‹‹እንዳንተ ያሉ ልጆች ያብዛልን›› አለኝ። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጋሽ አቡዘር ‹‹ተራ መሸጥዎ በዩኒቨርሲቲ ጥናት ስለተረጋገጠ›› የሚል ደብዳቤ ተሰጥቷቸው ከሥራ ታገዱ። በዚያ ግቢ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ቤት ጠበበኝ። ጋሽ አቡዘር እንደ ልማዳቸው ከፈጅር በኋላ ካኪ ካፖርታቸውን ይለብሳሉ፣ በሩ ድረስ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ትዝ ሲላቸው አውልቀው ይሰቅሉታል። እትዬ ነዒማ ደግሞ ‹‹ተማሪው ይቅደም፣ ጭንቅላት ነው የሚሠራው›› እያሉ ምሳ የሚያቀርቡት መጀመሪያ ለእኔ ነው። ዐይኔን በጨው አጥቤ እበላለሁ። ቁርጥ አድርጌ እንዳልወጣ ለምን ወጣህ እባላለሁ፤ እንዳልቀመጥ ያጎረሱኝን እጅ ነክሼ በማዕዳቸው መቀመጥ ሆነብኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ግቢው በሙሉ ጥናቱ የማን እንደሆነ ሲያወራ እሳቸው ብቻ አልሰሙም ብዬ አስብ ነበር። መጽሐፍ እንደምጽፍ ያውቃሉ እንጂ ምን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባለፈው ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ጠሩኝና ‹‹አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፣ አቤቱታዬን ጻፍልኝ›› አሉኝ። አስበው ወንድም ጋሼ፣ በራሴ ጥናት ላይ የሚቀርበውን አቤቱታ በራሴ እጅ። እምቢ አላልኳቸውም፤ ወረቀት አምጥቼ ተቀመጥኩ። ቀስ እያሉ አስጻፉኝ። መሐል ላይ ሲደርሱ ‹‹ጥናቱን ያጠናው ሰው መዝገቤ ላይ ያሉትን ባዶ መስመሮች ቆጥሯቸዋል ወይ ብለህ ጻፍ›› አሉኝ። የትኞቹን ባዶ መስመሮች ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ነገሩኝ።

አንተ ታውቀዋለህ። ሾፌር ሐዘን ደርሶት ሲሄድ በዚያ ቀን ተራው ላይ አንድ መስመር ባዶ ይተዉለታል። ታርጋም ስምም አይጽፉበትም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ከለቅሶ ሲመለስ ያ መስመር የሱ ነውና ከሁሉ ቀድሞ ይጫንለታል፤ ሌሎቹም ነገ በእኔ ነው ብለው አያጉረመርሙም። ታዲያ ምክንያቱን ለምን አልጻፉትም ብላቸው ‹‹የሰው ሐዘን ከጎማና ከናፍጣ ጋር አንድ መዝገብ ላይ አይሰፍርም›› አሉኝ።

ይህን ሳታውቅ ነው ወይ ስለ ተራ ያጠናኸው ትለኛለህ። አዎ፣ ይህን ሳላውቅ ነው። ዳታ ማጽዳት የሚባል ነገር አለ፤ ገና ስንጀምር ከምንማራቸው ነገሮች አንዱ ባዶ ረድፎችን ማጥፋት ነው። እኔም መዝገቡን ገልብጬ እንደጨረስኩ በአንዲት ትእዛዝ ባዶውን ሁሉ አጠፋሁት። ሁለት ሰከንድ አልፈጀም። እንዲያውም ስገለብጥ አንድ ቀን ጋሽ አቡዘርን ይህ መስመር ለምን ተዘለለ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና ‹‹እሱ ባለቤት አለው›› አሉኝ። የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ አለፍኩት።

ሐሙስ ዕለት ከእሳቸው ዘንድ ወጥቼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። ባዶ መስመሮቹ እንዳሉ አሉ። የጥቅምት 9 ቀን 2016ን ገጽ ከፈትኩ፤ አባታችንን የቀበርንበት ቀን ነው። አራተኛው መስመር ባዶ ነው። ጥቅምት 13 ደግሞ ያንተ መኪና ከሁሉ ቀድሞ ተጭኗል። በእኔ ዝርዝር ላይ ያለተራ ከጫኑት መኪኖች ሰማንያ ሰባተኛው አንተ ነህ፤ ታርጋውን ሁሉ ወደ ኮድ ስለቀየርኩት የወንድሜ መሆኑን እንኳ አላወቅኩም። ወረቀቴ ላይ በቀይ ቀለም አድርጌሃለሁ። ያን ቀን አለቀስኩ። አባታችንን ስንቀብር ያላለቀስኩትን ያህል አለቀስኩ።

ባዶዎቹን ወደ ቦታቸው መልሼ፣ እያንዳንዱን በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቀድሞ ከተጫነው መኪና ጋር አስተያይቶ እንዲያይ አድርጌ ፕሮግራሙን እንደገና አስኬድኩት። ያለተራ የጫኑ ሁለት መኪኖች ብቻ ቀሩ። በሁለት መኪና ደግሞ ማንም አይመረቅም። የመመረቂያ ጽሑፌን የምከላከለው የፊታችን ሐሙስ፣ ግንቦት 21 ነው። ጊዜ ሲራዘምልኝ ይህ ሦስተኛዬ ነው፤ አራተኛ የለም ተብያለሁ። የላከኝ ኮሌጅም እስከ ሐምሌ ወረቀቱን ይዘህ ካልመጣህ ቦታህን ለሌላ እንሰጣለን ብሎ ጽፎልኛል። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ ‹‹ልጄ ዘንድሮ ይጨርሳል›› ስትል ሦስት ዓመት ሆናት።

አማካሪዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። ዶክተር ሀብተሚካኤል ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሃያ ሁለት ተማሪ ተሸክመው መተንፈሻ ያጡ ሰው ናቸው። ሁሉን ሰምተው ‹‹ይህ የጥናቱ ውስንነት ነው፤ ውስንነት በሚለው ክፍል አንድ አንቀጽ ጨምርበትና እንለፍ›› አሉኝ። ከሳሪስ አቦ እስከ አቃቂ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ያችን አንቀጽ በሐሳቤ ስጽፍ ስሰርዝ መጣሁ። የአንድን ሽማግሌ ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ ውስጥ ማስገባት አልሆነልኝም። አብራኝ የምትማረው እየሩሳሌም ደግሞ ‹‹ሙህሲኔ፣ አታካብድ፣ መጀመሪያ ተመረቅ፣ ከዚያ ታርመዋለህ›› አለችኝ። ከተመረቀ በኋላ ያረመ አንድ ሰው አሳዪኝ አልኳት።

የማኅበሩ ኮሚቴ ማክሰኞ አቤቱታውን ይቀበላል፤ ውሳኔውን ከዐረፋ በፊት ይሰጣል። ጋሽ አቡዘር መስመር የተዉላቸውን ሾፌሮች ስም እንዲጠሩ ብለምናቸው ‹‹ሰው ያለቀሰበትን ቀን ለእንጀራዬ ምስክር አልጠራበትም›› አሉ። ስለዚህ እሳቸው ያልጠሩህን እኔ እጠራሃለሁ። ጥቅምት 2016 ምን እንደተደረገልህ በራስህ እጅ ጽፈህ፣ ፈርመህ ያደታ ሲመለስ ላክልኝ። እዚያ መስመር ላይ የምታውቃቸው፣ በሐዘናቸው ቀን ተራ የተጠበቀላቸው ሾፌሮች ካሉ ንገራቸው። ወንድሜን አታሳፍሩብኝ ብለህ ግን አታስጽፋቸው፤ የሆነውን ብቻ ይጻፉ።

አሁን በስልክ ልነግርህ ያልቻልኩትን ልንገርህ። ትናንት አቤቱታውን በንጹሕ ገልብጬ አነበብኩላቸው። ‹‹ጥናቱን ያካሄዱት አቶ›› የሚለው ቦታ ስደርስ የአጥኚው ስም መግባት አለበት፤ እዚያው ላይ ማንበቤን አቆምኩ። ጋሽ አቡዘር መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ወደ በሩ ያዩ ነበር። ሳያዩኝ፣ ሳይቆጡ፣ ‹‹እዚያ ጋ ባዶ ተወው፤ ባለቤት አለው›› አሉኝ። ከዚያ ለመግሪብ ውዱእ ሊያደርጉ ተነሡ። ለካ ከመጀመሪያው ያውቃሉ። አቤቱታውን እኔ እንድጽፈው የፈለጉት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ቢሰድቡኝ፣ ከቤቴ ውጣ ቢሉኝ እንዴት በቀለለኝ ነበር። አሁን ግን የምሸሽበት ቦታ የለኝም፤ በሄድኩበት ያ ባዶ መስመር አብሮኝ ይሄዳል።

እናታችንን ጉልበቷን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ግን አታንብብላት፣ ለእሷ ሆድ ይፍጀው። ሳዲያን፣ የላከችልኝ ድርቆሽ እንዳለቀና ምስጋናዬ ግን እንዳላለቀ ንገራት። ኢሽራቅን በትምህርቷ እንዳትለግም፣ ዚያድን ደግሞ ኳሱን ከመንገድ እንዲያርቅ ንገርልኝ። እትዬ ነዒማ ‹‹ደርዊሽ ውሃ ይጠጣ›› ብለዋል። ጋሽ አቡዘርም ለአንተ እየጻፍኩ መሆኔን ሲያዩ፣ ሰላም በልልኝ፣ መኪናውን ይዞ ሲመጣ ተራው አይታጣለትም በለው ብለዋል፤ መዝገቡ ከእጃቸው መወሰዱን የረሱ ይመስላሉ።

ያደታ ነገ ጠዋት ይነሣል፤ ወረቀቱ ከካቢናው ከገባ በኋላ ልመልሰው አልችልም። አንተ ዘንድ የሚደርሰው ማክሰኞ ማታ ነው፤ ያን ጊዜ እኔ አቤቱታውን አስገብቻለሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ባዶው መስመር አልተሞላም። ስሜን በራሴ እጅ ከሞላሁበት ጥናቴ መሳሳቱን ራሴ መሰከርኩ ማለት ነው፤ ሐሙስም የምከላከለው አይኖረኝም። ከዚህ በታች የጻፍኩት ሙሉ ስም እዚያ የሚገባው ነው። ፈርቼ ሳልጽፈው ብቀር፣ ከጋሽ አቡዘር ሌላ የሚያውቅብኝ አንድ ሰው ይኑር ብዬ አስቀድሜ ለአንተ ጻፍኩት።

ታናሽ ወንድምህ
ሙህሲን ሸኪብ አሊ

አቃቂ፣ እሑድ ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.