ግድግዳውን ማን ይቀባው

ኅዳር 12 ቀን
እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

ውድ ባለቤቴ፣ የልጄ እናት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ። ባለፈው ደረጃ ስትወርጂ ያዘኝ ካልሽኝ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። የዚያ አገር ብርድ ለጉልበትም ለደረትም የሚሆን አይመስለኝም። የአስም መድኃኒትሽን ከአጠገብሽ አታርቂው። የልጅ ልጃችን እንደ መጫወቻ እንዳትወስድብሽም ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪው፤ ግን አንቺ የማትደርሺበት ከፍታ አይሁን።

እኔ ደህና ነኝ። ትከሻዬን ብቻ ነው የሚያመኝ፤ ቀኝ እጄን ወደ ላይ ሳነሣ ከአንገቴ ሥር አንድ ነገር ይቆረጥማል። ጠዋት ሸሚዝ ስለብስ መጀመሪያ የታመመውን እጅ፣ ከዚያ ጤነኛውን አስገባለሁ። ይህን ለማወቅ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ወረቀት ያነሣሁት በስልክ ስላልሆነልኝ ነው። ገና «ስሚኝ» ስልሽ ትንሿ ስልኩን ትነጥቅሽና ወሬዬ የእሷ ዘፈን ይሆናል። እሷ ስትለቅልኝ ደግሞ ልጃችን ከጎን ሆና «አባዬ፣ በቃ ሰው ቅጠር!» ትለኛለች። ወረቀት ግን ነገር አያቋርጥም። ስለዚህ ረጋ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ብቻሽን ስትሆኚ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ቤቱን አላየሽውምና መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ። ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ቤትና ኩሽና ነው። ከሳሎኑ መስኮት የጎማ ጠጋኙ ጓሮ ይታያል፤ ገና ሳይነጋ መዶሻውን ይጀምራል። በትልቁ መኝታ ቤት ጠዋት ፀሐይ ይገባል፤ በኪራዩ ቤት ሳለን ስትመኚው የነበረው ዓይነት ነው። ግድግዳው ግን ሲያስረክቡን ልስን ብቻ ነበር። አመድማና ሻካራ ነው፤ መዳፍሽን ብታሳልፊበት ይይዝሻል። ዕቃችን ሁሉ ሳሎኑ መሀል ላስቲክ ለብሶ ተቆልሏል። የአንቺን ካርቶኖች አልከፈትኳቸውም። እኔ ትንሹ ክፍል ውስጥ፣ አልጋዬን ከግድግዳው አርቄ፣ መንገድ ላይ እንደ ቆመ ጋሪ መሀል ወለል ላይ እተኛለሁ።

ቁልፉን በተረከብኩ ሰሞን «ቀለሙ ተቀብቶ ሽታው ሲወጣ እመጣለሁ» አልሽኝ። ትክክል ነበርሽ፤ የቀለም ሽታ ደረትሽን እንዴት እንደሚዘጋው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከዚያ ወዲህ በደወልሽ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቂኝ «ቀለሙ የት ደረሰ?» ብለሽ ነው። ዛሬ የት እንደደረሰ እነግርሻለሁ፤ ሳልዘልል፣ ከመጀመሪያው።

መጀመሪያ ቀለም ቀቢ ጠርቼ አሳየሁት። ጎልማሳ ነው፤ የኮሌታው ሥር ሳይቀር ነጠብጣብ አለበት። ግድግዳውን ዳሰሰ፣ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ፣ ማዕዘኖቹን በጣቱ አንኳኳና፦

«መምህር፣ ይሄ የአንድ ሳምንት ሥራ ነው» አለኝ።

«አንድ ሳምንት ብቻ?»

«ምነው፣ ረዘመብዎት?»

«አይ» አልኩት። «አይ፣ አልረዘመም።»

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲያ ማሰብ ሥራዬ ሆነ። ልቅጠር ወይስ ራሴ ልቀባ? ራሴ እንድቀባ የሚያደርጉኝን ምክንያቶች ለጠየቀኝ ሁሉ እደረድር ነበር። ሠራተኛ ይቸኩላል። የግድግዳ ማለስለሻው ስቱኮ ሳይደርቅ ቀለም ይደርብበታል። ከበር ጀርባና ከመስኮት ሥር ያድበሰብሳል። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ እጄም ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያውቃል። ልጃችን በስልክ «አባዬ፣ መሰላል ላይ ወጥተህ ብትወድቅስ?» ስትለኝ የጥቁር ሰሌዳ ጫፍ ለመድረስ ወንበር ላይ ስወጣ መኖሬን ነገርኳት። ምክንያቶቼ ሁሉ ልክ ነበሩ። ዛሬም አንዱንም አላነሣም፤ ለምን እንደደረደርኳቸው ብቻ ነው የምነግርሽ።

ሥራውን ከሳሎኑ ጀመርኩ። ስቱኮውን ቀባሁ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁ፣ ደግሜ ቀባሁ፣ ደግሜ ፈገፈግሁ። ነጩ ብናኝ የማይገባበት የለም፤ ሻይ ስጠጣ ከጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ከዚያ መብራት ከግድግዳው ጎን አስጠግቼ አበራሁ። መብራት ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ እብጠትና ጉድጓድ ጥላ ይጥላል፤ ምንም አይደበቅም። እንግዲህ ታውቂኛለሽ፤ ያገኘሁትን ጉድለት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶዬ ከበብኩት። ደብተር ሳርም የኖርኩበትን ያንኑ ወፍራም እስክሪብቶ ማለቴ ነው። እየከበብኩ አልፌ፣ ተመልሼ እያንዳንዱን ክብ አስተካከልኩና ግድግዳው እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆነ። ደስ ብሎኝ ነጩን ቀለም ደረብኩበት።

በማግስቱ ጠዋት ክቦቹ ሁሉ ተመልሰው መጡ። ሮዝ ሆነው፣ ነጩን ሰርስረው ወጥተዋል። ሁለተኛ ቀባሁ፤ ወጡ። ሦስተኛ ቀባሁ፤ ፈዘዝ ብለው ወጡ። የእስክሪብቶን ቀለም የውሃ ቀለም አይሸፍነውም ኖሯል።

ታናሽ እህትሽ ከልብስ ስፌቷ ስትመለስ ብቅ ትላለች፤ ባትመጣልኝ ቀኑን ሙሉ ቃል ሳልተነፍስ ይመሽብኝ ነበር። በሩን ከፍታ ገብታ ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«ውይ ጋሼ! ይሄ ግድግዳ ኩፍኝ ወጣበት እንዴ?»

«ቀይ እስክሪብቶ ነው።»

«እስክሪብቶ? ግድግዳውን አረሙት?»

«ጉድለቱን ምልክት ማድረግ ነበረብኝ።»

«ታዲያ ስንት አገኘ? አለፈ ወይስ ወደቀ?» ብላ ካርቶን ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ቆይቼ ነበር፤ ትከሻዬን አመመኝ።

በዚያው ሰሞን ደወልሽ። ቀለሙን ጠየቅሽኝ፤ ቀይ ክቦቹ እየወጡ እንዳስቸገሩኝና ሥራው እንደገና ወደ ኋላ እንደተመለሰ ነገርኩሽ። አንቺም «አይዞህ፣ አትቸኩል፤ ቀስ ብለህ ሥራው» አልሽኝ።

ምናልባት ያልሽውን አታስታውሺውም። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከተጋባን ጀምሮ «ፍጠን» እያልሽኝ ነው የኖርነው። የጫማ ክር ሳስር ፍጠን፤ ደጅ ቆመሽ ቁልፍ ስፈልግ ፍጠን፤ አንድ ጊዜም ሐኪም ቤት ተኝቼ «ፍጠንና ዳን» ብለሽ ነርሷን አስቀሻታል። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ በል አልሽኝ። ከማለትሽ በፊት ደግሞ ተነፈስሽ። እኔ ያንን ትንፋሽ አውቀዋለሁ፤ የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ «ዛሬ መምህሩ አይመጣም» ሲባል የሚተነፍሰው ነው።

በማግስቱ ትልቁን መኝታ ቤት ጀመርኩ። ስቱኮ ቀባሁ፣ ፈገፈግሁ፣ መብራቱን ከጎን አበራሁ። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አንሥቼ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ከበብኩት።

እህትሽ ስትመጣ በዚያ ክፍል በር ላይ ቆማ ክቦቹን ከዳር እስከ ዳር አየች። ትስቃለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይሄንንም?» አለች።

«ጉድለቱ ብዙ ነው።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«እርስዎ አንድ ስህተት ሁለቴ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ሳሎኑ ላይ የሆነውን በዓይንዎ አይተዋል። እዚህ ደግሞ ያንኑ እስክሪብቶ ያነሡት ለምንድን ነው?»

«እርሳስ አጣሁ» አልኳት።

እጇን ዘርግታ የሸሚዜን ኪስ በጣቷ ነካ አደረገች። «ይሄስ ምንድን ነው?»

ዝቅ ብዬ አየሁት። እርሳስ ነበር፤ በሥርዓቱ የተቀረጸ።

«ቀለሙ አልቆ እሷ ብትቀርስ ብለው ነው አይደል?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ኩሽና ገብቼ ሻይ ጣድኩ። እሷም ከኋላዬ መጥታ ብርጭቆዎቹን አለቀለቀች፤ ስለ ሌላ ነገር፣ አንዲት ደንበኛዋ ቀሚሷን ሦስት ጊዜ አስፈትታ እንዳሰፋቻት አወራችልኝ። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ዞር ብላ «ጋሼ፣ ይሄ ብናኝ ሳንባዎን ይጨርሰዋል። የፈሩት ነገር ከዚህ አይብስም» አለችኝ።

አትቆጪያት። አንቺን አላማችም። ምን እንደነገርሻትም አልጠየቅኋትም።

እኔም አልወቅስሽም፤ ይህን አደራ እመኚኝ። ስትሄጂ ልጃችን ወልዳ እስክትጠነክር ነበር። ከዚያ ትንሿ ጥርስ አበቀለች። ከዚያ ልጃችን ሥራ ገባች፤ ሕፃን ለማንም አይሰጥም። ከዚያ ብርዱ፣ ከዚያ ጉልበትሽ፣ ከዚያ ቀለሙ። አንዱም ሰበብ ሐሰት አልነበረም። እዚያ ጠዋት «አያቴ» ብሎ የሚቀሰቅስሽ አለ። እዚህ የሚቀሰቅስሽ የጎማ ጠጋኙ መዶሻ ነው፣ እና ሸሚዝ ለመልበስ እጁን የሚመርጥ ሽማግሌ። ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ሳይነገረኝ ይገባኛል።

አንቺ ቀለሙን ትጠብቂያለሽ፤ እኔ ቀለሙ እንዳያልቅ እሠራለሁ። ግድግዳው አመድማ እስከሆነ ድረስ ያልመጣሽው በግድግዳው ምክንያት ነው፤ በዚህ እጽናና ነበር። ጠዋት ተነሥቼ ብሩሽ ሳጥብ፣ ስቱኮ ሳማስል፣ አንድ ለአንቺ የምሠራው ነገር አለኝ ብዬ እውል ነበር። አሁን ግን ደከመኝ። መሰላሉ አይደለም ያደከመኝ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ትናንት ቀለም ቀቢውን ጠራሁት። ክቦቹን ሲያይ ሳቁን ዋጠ፤ ጨዋ ነው። መጀመሪያ ዘይት ቀለም እንደሚመታበትና ከዚያ በኋላ ምንም እንደማይወጣ ነገረኝ። ነገ ሰኞ ይጀምራል።

«እስክትጨርስ የባለቤቴ እህት ዘንድ እሰነብታለሁ። ላይህ አልመጣም» አልኩት።

«ያስችልዎታል፣ መምህር?»

«አያስችለኝም። ግን አልመጣም።»

የመኝታ ቤቱን ቀለም ጠየቀኝ። በቀለም መምረጫው ወረቀት ላይ አንድ ለስላሳ ቢጫ ነበር፤ አንቺ የምትወጂው ዓይነት፤ ጣቴ እሱ ላይ ቆየ። ከዚያ ነጭ ይሁን አልኩት። ቢጫውን ብመርጥ አንቺን ለማስገደድ የቀባሁት እንዳይመስልሽ ፈራሁ።

ሥራው ሲያልቅ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቼ ሽታውን አስወጣለሁ። አልጋውን ወደ ቦታው አስጠጋለሁ። ከዚያ በኋላ ይህ ቤት የሚጎድለው ሥራ አይኖርም። ብትመጪ የደረትሽ ጠላት የሆነ ነገር አታገኚበትም። ብትቀሪም ያስቀረሽ ቀለሙ አይሆንም፤ ይህን ሁለታችንም አውቀን እንነጋገር።

መልስሽን ከራስሽ አፍ ልስማው፤ በልጃችን በኩል አትላኪብኝ። እመጣለሁ ካልሽ ቀኑን ንገሪኝ። አልመጣም ካልሽም ንገሪኝ፤ ካርቶኖችሽን ከሳሎኑ አንሥቼ በሥርዓት አስቀምጥልሻለሁ። ብቻ ቀስ በል አትበይኝ። ትንሿ ስትተኛ ደውይ። የትኛውም ሰዓት ቢሆን አነሣለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ትንፋሽሽን ያስፋልሽ። ልጃችንን ከነባሏ በሥራቸው ይባርክልን። ትንሿን አያቷ የሌለችበት ቀን አያሳያት ልል ነበር፤ ብዕሬ እዚህ ላይ ቆመች። እሷንም ያሳድግልን።

ባልሽ