አካሻዬን ማን ለወጠው?

ጥቅምት 4
ልብስ አጠብኩ፣ ሽንኩርት አሳረርኩ… እንደ ወትሮው። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ፍሬ አቀበለችኝ። አካሻ ነው አለች፤ የግራር ዘመድ፣ እሾህ የሌለው፣ ቢጫ አበባው ደጅ የሚያሳምር። "የፈላ ውሃ አፍስሺበት፤ ልጣጩ ድንጋይ ነው፣ አለዚያ አይበቅልም።" ልተክል ነው ወይስ ሻይ ላፈላ? ብቻ አፈሰስኩበት።

ኅዳር 2
ጣሳ ውስጥ የተከልኩት በቀለልኝ። ቅጠሉ የወፍ ላባ ነው የሚመስለው፣ ስስ… ሳየው ሥራ ፈታሁ። ባለቤቴ "ካሮት ነው?" አለ። ይሄ ሰውዬ። የሰፊዋ ግን አልበቀለም። ውሃ እንደማፍሰስ ፍሬውን ምድጃ ላይ ጥዳ ረሳችው። ቀቀለችው እኮ። አንጀቴን በላችው።

ጥር 9
እህቴ ጋ ሰንብቼ መጣሁ። ውሃ እንድታጠጣልኝ ቁልፌን ለሰፊዋ ሰጥቼ ነበር። ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ላባው የለም። ጣሳዬ ውስጥ ረጅም፣ ጠፍጣፋ ቅጠል ያለው ሌላ ተክል ቆሟል። ለውጣብኛለች።
"ተክል ሰርቆ ሌላ ተክል የሚተካ ሌባ የት አየሽ?" ይላል ባለቤቴ። እሺ፣ ቤቷ ጥግ ላይ በአንሶላ የሸፈነችው ነገርስ? በመስኮት አይቻለሁ።

ጥር 10
አላስቻለኝም። "ላባዬን የት አደረስሽው?" አልኳት። አፏ ላይ የያዘችውን መርፌ አወጣች። "የምን ላባ?"
"እንዳላወቀ አትሁኚ።"
ገባችና ቁልፌን አምጥታ አጥሩ ላይ አስቀመጠችው።
ቀሚሴ ደግሞ እሷ ጋ ነው። ለእህቴ ልጅ ሠርግ የምለብሰው፣ ገና አንድ እጅጌ ብቻ ያለው… ምን ነክቶኝ ነው ቀሚሴን ሳልቀበል የምጣላው?

ጥር 24
ሰላምታ የለም። ስወጣ የስፌት መኪናዋ እንኳ ዝም ይላል። አሁን ማን ነው "ነይ ጉድ ስሚ" የሚለኝ? ባለቤቴ እንደሆነ ወሬ ሲነግሩት ያንቀላፋል።

የካቲት 3
አኩርፌ ውሃ ሳጠጣ ዐይኔ አንዲት ቅጠል ላይ አረፈ። ታችዋ ጠፍጣፋ፣ ጫፏ ላይ… ላባ። አንዷ ላይ ሁለቱም። ለካ አካሻ ልጅ እያለ ላባ ያወጣል፣ ሲያድግ የቅጠሉ ዘንግ ይሰፋና ላባው ይቀራል። ተፈጥሮው ነው።
ባለቤቴ መነጽሩን አድርጎ አየና "ሌባው ተያዘ" አለ። ጉዴ ፈላ። በምን ዐይኔ ልያት?

የካቲት 4
ቅጠሏን ይዤ ሄድኩ። "ይቅር በይኝ፣ እህቴ… ራሱ ነው የተለወጠው።" አገላብጣ አየቻት።
"የኔም ሰውዬ ሲያገባኝ ጎፈሬ ነበር" አለች። "አሁን መላጣ ነው። ማን ለወጠብኝ ብዬ ጎረቤት ከሰስኩ?"
በሳቅ ፈረስን። ከዚያ ጥጉ ላይ ያለውን አንሶላ ገለጠችው። ቀሚሴ። ከነሁለት እጅጌው። አኩርፋኝም ትሰፋልኝ ነበር…

ነሐሴ 18፣ በሌላው ዓመት
ከጣሳው አውጥተን አጥሩ ሥር አብረን የተከልነው አካሻ ጣሪያውን አልፏል። ችኩል ዛፍ። ዛሬ ደግሞ በቢጫ ድብልብል አበባ ተሸፍኖ አደረ፣ ልክ ጫጩት የሰፈረበት ይመስላል። ሰፊዋ ታስነጥሳለች፣ ጨርቄን ቢጫ አደረገው ብላ ትራገማለች፣ ግን መኪናዋን ወደ መስኮቱ ስባዋለች።
ነገ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ቁልፌን ሰጠኋት። ከሜትሯ ጋር አንገቷ ላይ አንጠለጠለችውና፣
"ስትመለሺ አበባው ረግፎ ብታገኚው" አለችኝ፣ "እኔ የለሁበትም።"