ሁለቱ ኮምፒውተሮችና ጉንጭሽ

ጃለቱ ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያቁምልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሄሉ ግጦሹ ላይ ዘንቦ ፍየሎቹ ጠግበዋል።

የላክሽው ማክ ላፕቶፕ ደረሰ። አባትሽ ከወንድምሽ ከቱፋ አሮጌ ዊንዶውስ ጋር ሊያወዳድረው፣ ፍየል ሲገዛ እንደሚያደርገው ሁለቱንም በእጁ አንስቶ መዘናቸው። ከዚያ ቻርጀራቸውን ነቅሎ እንደ ግመል አስጠማቸው። ማታ ላይ ያልወደቀው ማኩ ብቻ ነው። ቱፋ ግን የሱቃችን ፕሪንተር የሚታዘዘው ለኔው ዊንዶውስ ነው እያለ እስካሁን ይከራከራል።

እኔ የምመዝናቸው ባንቺ ነው። የቱፋው ስክሪን በእርጅና ስለደበዘዘ፣ ስትደውዪ ሞላ ብለሽ ትታይኛለሽ። በማኩ ጥርት ብለሽ ስትመጪ ግን ጉንጭሽ ጎድሏል።

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ያሰብሽውን ያሳካልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ሁለቱ ኮምፒውተሮች በጉንጭሽ እስኪስማሙ ድረስ ደህና አድርገሽ ብዪ።

እናትሽ ሀዋኦ፣ ከሞያሌ