በብረት ሣጥን ውስጥ ሳለሁ «ተገኝቷል» ላለኝ ጽሕፈት ቤት

ለጠባብ ሞገድ ሬዲዮ መሣሪያዎች ማጽደቂያ ጽሕፈት ቤት
ለክቡር ዋና ዳይሬክተር
ፕሪቶሪያ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ወገብዎም፣ ጉልበትዎም፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣም በየሥራቸው ላይ እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ማማ ንድሎቩም ይመስገኑ፣ ደህና ነኝ። የማማ ንድሎቩን ስም ከፈጣሪ ቀጥዬ ማንሳቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፣ ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል፤ መቼም ማግኘት የጽሕፈት ቤትዎ ሙያ ነው።

ስሜ ሬንዳኒ ሙዳው ይባላል፤ የቴምቢሳ ነዋሪ ነኝ። የተሰረቁ መኪኖችን በሬዲዮ ሞገድ ተከታትሎ በሚያስመልስ አንድ ድርጅት ውስጥ በሙከራ ሾፌርነት እሠራለሁ፤ ባልደረቦቼ ግን «ሌባው» ነው የሚሉኝ። ሥራዬ መኪና ይዞ መጥፋት ነው። መሣሪያው መኪናው ውስጥ ይደበቃል፣ እኔ መኪናውን ይዤ እሰወራለሁ፣ ዳዊ የሚባለው የአሳሾች አለቃ ደግሞ ጣሪያው ላይ አንቴና በተተከለበት መኪና እየዞረ ይፈልገኛል። ሲያገኘኝ የመኪናዬን ጣሪያ በመዳፉ ደብደብ አድርጎ «ውጣ አንተ ሌባ፣ ዛሬም ተበላህ!» ይለኛል፤ እኔም እጄን ወደ ላይ አንሥቼ፣ አጎቴ እንደማለት፣ «ኦም ዳዊ፣ የልጆች አባት ነኝ፣ ይማሩኝ» እለዋለሁ፤ ከዚያ ተሳስቀን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እንዲህ ሆኜ ብዙ ጊዜ ጠፍቼ ብዙ ጊዜ ተገኝቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሳልገኝ ተገኘሁ፣ እሱም እርስዎ በላኩት ተቆጣጣሪ ፊት ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ፣ አሽጌ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች የከፈተልኝ ስላጣሁ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ አዲሱን መሣሪያ ከማጽደቁ በፊት ቅሬታ ያለው ዜጋ ያመልክት ብሎ በጋዜጣ ስለጋበዘን፣ ግብዣውን አክብሬ ቀርቤአለሁ። ደንብ ወዳድነትዎንም ስለማውቅ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ደንቡ ለሰው ያለውን ፍቅር በሚመለከት፤ በአገራችን መኪና ብዙ ጊዜ ከነሾፌሩ እንደሚወሰድ ጽሕፈት ቤትዎ በሚገባ ተገንዝቦ፣ የመጨረሻው ሙከራ መኪናው ከነሾፌሩ ብረት ኮንቴይነር ውስጥ ተቆልፎበት እንዲካሄድ አዝዟል። ሌቦች የስልኩንም የሳተላይቱንም መገናኛ ማፈን ስለተማሩ፣ ብረቱን ሾልኮ ይወጣል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ይኸው ጠባብ ሞገድ ብቻ ነው። እኔም በትእዛዝዎ መሠረት ጀርሚስተን ከሚገኘው የኮንቴይነር ግቢ መሣሪያው የተደበቀበትን ነጭ ፒካፕ ይዤ አንድ ኮንቴይነር ውስጥ ገባሁ፤ ዘበኛው የኮንቴይነሩን በር ገጥሞ በመቀርቀሪያ ዘጋብኝ። ስልኬን ጠዋት መኪናውን ይዤ ከመጥፋቴ በፊት የእርስዎ ተቆጣጣሪ አቶ ማሴኮ ተረክበውኛል፤ የተጠለፈ ሰው ስልክ ሊኖረው እንደማይገባ ደንቡ ያዛልና። እንዲህ ለጠለፋ ታማኝ የሆነ ደንብ በሌላ አገር ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

፪. «በማናቸውም ረገድ አንድ ዓይነት» የሚለውን ሐረግ በሚመለከት፤ ደንብዎ በናሙናነት የሚያዘው መሣሪያ ከሚሞከረው ጋር በማናቸውም ረገድ አንድ ዓይነት እንዲሆን ስለሚል፣ ድርጅታችንም ከደንብ ንቅንቅ ስለማይል፣ የመለያ ቁጥራቸውን ሳይቀር አንድ አደረገው፤ የአሳሾቹ መለኪያ ደግሞ አንዱን መሣሪያ ከሌላው የሚለየው በዚያ ቁጥር ብቻ ነው። ይህንኑ ናሙና አቶ ማሴኮ ማኅተም በተመታበት ሣጥን ውስጥ አድርገው፣ በአሳሾቹ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ከጎናቸው አስቀምጠው ተጓዙ። መሣሪያው ሌባ እንዳያጠፋው ተብሎ ማጥፊያ ሳይደረግለት የተሠራ በመሆኑ፣ ታሽጎም ሥራውን አላቋረጠም። የመለኪያው መርፌ ሞተር ካስነሡበት ጊዜ ጀምሮ ጫፍ ላይ ወጥታ እዚያው ቀረች። ቦክስበርግ ቢሄዱ ጫፍ፣ ኬምፕተን ፓርክ ቢሄዱ ጫፍ! በኋላ ራሱ እንደነገረኝ ዳዊ ግራ ገብቶት «ይሄ ነገር አላማረኝም፣ በሄድንበት ሁሉ አለ እኮ» ሲል፣ አቶ ማሴኮ «ጥንካሬው ነዋ! ሞገድ ማለት እንዲህ ነው» ብለው አረጋግተውታል። አህያው ላይ ተቀምጦ አህያ ጠፋኝ የሚለውን ሰው በልጅነቴ ሰምቼ ስቄበታለሁ፤ የመንግሥት ደመወዝ ይበላል ብዬ ግን አልጠረጠርኩም ነበር።

፫. ምሳውን በሚመለከት፤ በሙያችን «ማብረድ» የሚባል ነገር አለ። ሌባ የሰረቀውን መኪና ወዲያው አይፈታውም፤ ሰው በሚበዛበት ደጃፍ አቁሞ ፈላጊ ይመጣ እንደሆነ ከሩቅ ያያል። ይህን የሚያውቁ አሳሾችም ዘለው አይገቡም፤ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ራቅ ብለው ቁጭ ይላሉ። የእኛዎቹም ካትልሆንግ ውስጥ ሥጋ ከሚጠበስበት ቤት ፊት ለፊት አንድ ነጭ ፒካፕ ቆሞ ስላዩ፣ የሙያው ሥርዓት በሚያዘው መሠረት ሥጋና ፓፕ የሚባለውን የበቆሎ ገንፎ አዝዘው በትዕግሥት ጠበቁ። ዳዊ «ታርጋው የእኛ አይደለም፣ ኮንቴይነርም የለም እኮ» ቢል፣ አቶ ማሴኮ አጥንቱን ሳያስቀምጡ «ሌባ ታርጋ እንደሚቀይር፣ ከኮንቴይነርም እንደሚያወጣ አታውቅም? ስንት ዓመት ነው በዚህ ሥራ የቆየኸው?» አሉት፤ ዳዊም አፍሮ ወደ ሥጋው ተመለሰ። ትንሽ ቆይተው አንድ ቄስ ከነሚስታቸው ከምግብ ቤቱ ወጡ፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ፒካፑን አስነሥተው ሄዱ። መርፌዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አቶ ማሴኮ በዚህ ተደንቀው «ምልክቱ መኪናው ከራቀ በኋላም አይዳከምም» ብለው መዘገቡ፤ ከጎኑም «ተገኝቷል» ብለው ፈረሙ። ዜናው በድርጅታችን በኩል ወደ ኮንቴይነሩ ግቢ ተደወለ። በእኛ ልማድ ሌባውን የሚያወጣው ያገኘው ቡድን ስለሆነ፣ ዘበኛው «ተገኝቷል» ሲባል እኔንም ይዘውኝ የሄዱ መስሎት ለተረኛው አስረክቦ ወደ ቤቱ ሄደ።

፬. እኔን በሚመለከት፤ አጭር ነው፣ ብዙ አላደክምዎትም። በእኛ አገር የሚያቃጥለው የታኅሣሥ ፀሐይ ብረቱን ከላይ ያግለው ነበር። መጀመሪያ ሸሚዜን አወለቅኩ፤ ቀጥሎ ጥሩምባ ነፋሁ፤ ግቢው ሙሉ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ስለሚውል የኔን ለይቶ የሚሰማ አልነበረም። ባትሪው ሲደክም በመፍቻ ግድግዳውን ደበደብኩ፤ ክንዴ ሲዝል ወለሉ ላይ ተኝቼ በበሩ ሥር ባለች ስንጥቅ አየር ለመሳብ ሞከርኩ። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ሳላሽሞነሙን እነግርዎታለሁ። እንደ ሙከራ ሾፌር አይደለም፣ እንደ እንስሳ ነው የፈራሁት። ለዳዊ በቀልድ የምለውን ያንን ቃል፣ «የልጆች አባት ነኝ፣ ይማሩኝ» የሚለውን፣ ለብረቱ በእውነት አልኩት። ይህን ቃል መኪና ውስጥ ተቆልፎባቸው ከምር ያሉት ሰዎች ስንት እንደነበሩ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለቀልድ ተናግሬው አላውቅም።

፭. ስልኬን በሚመለከት፤ ባለቤቴ ማሹዱ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ደወለችልኝ። ለካ አቶ ማሴኮ ስልኬን በአደራ ብቻ ሳይሆን በወኪልነትም ይዘውት ኖሯል፤ አነሡላት። «ሬንዳኒ የታለ? ማነው?» ስትላቸው፣ ጉርሻቸውን እየዋጡ «አይዞሽ እህቴ፣ ባልሽ ተገኝቷል፣ ተፈርሞበታል» አሏት። እሷም አመስግናቸው ዘጋችው። በዚህ ዓለም ላይ ቀረህ ብላ ልትፈልገኝ የምትችለውን አንዲት ሴት እንዲህ በትህትና አረጋግተው ስላስቀመጡልኝ፣ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

እንግዲህ ከፈጣሪ ቀጥሎ ወዳስቀመጥኳቸው ሴት ደርሰናል። ማማ ንድሎቩ ከግቢው በር ላይ ማግዊንያ የሚባለውን ሊጥ ጠብሰው፣ አቻር ከሚባለው የማንጎ ማባያ ጋር ይሸጣሉ። ስገባ «አቻር ያለበትን ያስቀምጡልኝ፣ ስወጣ እበላለሁ» ብያቸው ነበር። ቀኑ ሲመሽባቸው ዕቃቸውን ሰብስበው የእኔ ድርሻ ብቻ በወረቀት ተጠቅልሎ ቀረ። ተረኛውን ዘበኛ «ያ ሌባችሁ የት ገባ?» ብለው ጠየቁት። «ተገኝቷል እኮ ማማ፣ ሄዷል» አላቸው። «ከተገኘ ማግዊንያውን ለምን አልወሰደም? ያ ሆዳም ልጅ ምግቡን ጥሎ አይሄድም! ተነሥ ክፈት፣ ዛሬ አንተን ነው የምጠብስህ!» ብለው መጥበሻ ማማሰያቸውን ይዘው ከፊቱ ቆሙ። በሩ ሲከፈት በእግሬ መቆም አልቻልኩም፤ ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ውሃ በእጃቸው አጠጡኝ። እሳቸው አንቴና የላቸውም፣ ጽሕፈት ቤትዎም አላጸደቃቸውም።

፮. ካሣዬን በሚመለከት፤ ከድጡ ወደ ማጡ የሚባለው ይህ ነው። ድርጅቴ ለደረሰብኝ መጉላላት ማጽናኛ ይሁነው ብሎ፣ ከዚያው ከነጩ ፒካፕ የተፈታውን መሣሪያ፣ ማሹዱ የትምህርት ቤት ልጆች በምታመላልስበት ሚኒባስ ላይ በነጻ ገጠመልን። የእኛም ትንሿ ልጃችን ምፎ ከኋላ ወንበር ላይ ከጓደኞቿ ጋር እየዘፈነች የምትሄደው በዚሁ ሚኒባስ ነው። ቁጥሩን ቀይሩልኝ ብዬ ድርጅቴን ለመንኩ፤ ጽሕፈት ቤቱ ሳያጸድቅ የተመዘገበ ቁጥር አይነካም አሉኝ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ እንግዲያውስ ያንን ታሽጎ የተቀመጠውን አስወግዱልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ከመጽደቁ በፊት ማኅተም አይሰበርም፣ ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ናሙናው ለዘለዓለም ይቀመጣል ተባልኩ። ማሹዱ በራሷ እጅ ልትነቅለው መፍቻ አንሥታ ነበር፤ መሣሪያው ከተነቀለ ኢንሹራንሱ ይቋረጣል፣ ኢንሹራንስ ከሌለ ልጅ መጫን አይፈቀድም፣ ልጅ ካልጫነች ቤታችን ጦሙን ያድራል። መፍቻውን አስቀምጣ «ሬንዳኒ፣ ያ ኮንቴይነርህ እኮ ጎማ አውጥቶ ቤታችን መጣ» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን አሳፍራ ከሰፈር ስትወጣ ቆሜ አያታለሁ፤ እስክትመለስ ድረስ አየር የምስበው በዚያች በበሩ ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ከጽሕፈት ቤትዎ ክብር ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ወይ ሣጥኑን ይክፈቱልኝ፣ ወይም ሙከራው አቶ ማሴኮ በእኔ ቦታ ኮንቴይነሩ ውስጥ ተቆልፎባቸው እንዲደገም ይዘዙልኝ። ፒካፑንም ኮንቴይነሩንም እኔ አመቻቻለሁ። ስልካቸውን ለእኔ ያስረክቡ፤ ባለቤታቸው ቢደውሉ በትህትና አነሣላቸዋለሁ፣ ምን ማለት እንዳለብኝም ተምሬአለሁ።

ደንብዎ ከሰው ዕድሜ በላይ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከመሬት እጅ እነሣለሁ፤

በማናቸውም ረገድ ከራሱ ጋር ብቻ አንድ ዓይነት የሆነው፣ በጽሕፈት ቤትዎ የተገኘው፣ በማማ ንድሎቩ የተፈለገው፣ ታዛዥ ሌባዎ
ሬንዳኒ ሙዳው
ቴምቢሳ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ ያ የታሸገ ሣጥን ከጠረጴዛዎ ጀርባ ካለው መደርደሪያ ላይ መቀመጡን ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ ባትሪውም ዓመታት እንደሚቆይ ዳዊ ነግሮኛል። እንግዲህ እግዜር አያምጣውና የማሹዱ ሚኒባስ ከነልጆቹ የተወሰደ ቀን፣ ዳዊ መርፌውን ተከትሎ እየበረረ መጥቶ የሚያንኳኳው የእርስዎን በር ሊሆን ይችላል። እባክዎ ይክፈቱለት፣ ሣጥኑንም ያሳዩት። «ተገኝተዋል» ብቻ እንዳይሉት።