ያንቺ ግማሽ ሲጋራ

ውድ እህት ዓለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽና የልጅ ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። በየስልኩ ስለምትጠይቂኝ መጀመሪያ የጋጋሪውን ልንገርሽ። ከስፌት ቤታችን ሥር ያለው ጎረቤታችን ከሆስፒታል ወጥቷል። ቀኝ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጡት። ቁስሉ ደርቋል፣ በሁለት ክራንች ይንቀሳቀሳል፣ ሚስቱን መቆጣትም ጀምሯል፤ እሷም "አሁን ገና ዳነ" ትላለች። ትልቋ ልጁ መጥታ ዳቦ ቤቱን ይዛለች። ዳቦዋ ጠጠር ይላል እንጂ አይከፋም። የደም ሥሩን የደፈነው ሲጋራው ነው ብለውታል፤ እሱም እዚያው አልጋው ላይ ሆኖ ተወው። ልጠይቀው ስሄድ "እኔ በእግሬ ነው የተውኩት፤ አንቺ ሳትቆረጪ ተዪው" አለኝ።

ይኼን የማወራልሽ ለወሬ ብቻ አይደለም። እኔም ነገ ልተው ነው። አትሳቂ። ቀን ቆርጫለሁ።

ነገሩ የመጣው በጣቴ በኩል ነው። ከሁለት ወር በፊት ነጭ ቀሚስ ላይ ዚፕ ስሰፋ መርፌው ሌባ ጣቴን ወጋኝ። የወጋኝ መሆኑን ያወቅሁት ግን ጨርቁ ላይ ደሙን ሳይ ነው። ጣቴ የሌላ ሰው ጣት ሆኖብኛል። ስፌተኛ ደግሞ ጣቷ ካልሰማ ምን ቀራት? ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ትንሽ ልጅ ናት፤ ጣቶቼን አገላብጣ አይታ "ያጨሳሉ?" አለችኝ።

"እኔ ግማሽ ነው የማጨሰው" አልኳት።

ታስታውሺያለሽ፤ አራት ሰዓት ሲሆን አለቃችን አሥር ደቂቃ ይሰጠንና በኋላው በር ወጥተን ደረጃው ላይ ቁጭ እንል ነበር። አንቺ አንድ ሲጋራ ታወጫለሽ፣ እኔ በክር መቁረጫው መቀስ እኩል አደርገዋለሁ። ጋጋሪው ከታች ሙሉውን፣ እኛ ከላይ ግማሽ ግማሹን። "ግማሽ የሚያጨስ ሰው አጫሽ አይባልም" ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔም አሥራ ዘጠኝ ዓመት አመንኩሽ። ልብስ ተኳሹ "እናንተ ሁለታችሁ ብትደመሩ አንድ ሰው አትወጡም" እያለ ይስቅብን ነበር።

ነርሷ "ዝም ብለው አይተዉትም፣ መጀመሪያ ይዘጋጁ" አለችኝ። ቀን ይምረጡ፣ ለሰው ይናገሩ፣ እስከዚያ ያጨሱትን ሁሉ፣ ሰዓቱንና ያኔ ምን እየሠሩ እንደነበር ይጻፉ አለች። እኔም የደንበኞች ልክ በምጽፍበት ደብተር ላይ፣ በሰው ወገብና ትከሻ መሃል እየሰነቀርኩ ጻፍኩ። በሳምንቱ ይዤላት ሄድኩ። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው።

"አራት ሰዓት፣ ደረጃ ላይ፣ ግማሽ። አራት ሰዓት ከአምስት፣ ደረጃ ላይ፣ ግማሽ። ይኼ ሁለተኛው ምንድነው?"

"እሱ የጓደኛዬ ነው።"

"ጓደኛዎ የት ናቸው?"

"ሌላ ከተማ፣ ልጇ ጋ። ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ታዲያ እሳቸው በእርስዎ ሳንባ ነው እንዴ የሚያጨሱት?"

እውነቷን ነው። ልትሄጂ በዋዜማው "የኔን ግማሽ አስቀምጪልኝ" ብለሽኝ ነበር። ለቀልድ ነው ያልሽው፣ አውቃለሁ። እኔ ግን በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሲጋራውን ቆርጬ ያንቺን ድርሻ የልብስ ቁልፍ በምናስቀምጥበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አኖርኩት። ያን ቀን ማታ ልወጣ ስል አጨስኩት። በሁለተኛው ቀን ከምሳ በኋላ። በሦስተኛው ቀን እስከ ምሳም አልቆየልኝ። በኋላማ ቀኑን ሙሉ መቁረጥ ሆነ ሥራዬ፣ ግን ሁልጊዜ ቆርጬ ነው፤ ሙሉ ሲጋራ ወደ አፌ አስጠግቼ አላውቅም። ነርሷ ስትደምረው በቀን አሥራ አንድ ሙሉ ወጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። የሄድሽ ለት ሥራ አስቸኩሎኝ አልሸኘሁሽም ብዬሽ ነበር። ውሸቴን ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ነበር። ተቀይሜሽ ነበር፤ ልጅሽ ጋ መሄድሽ ደግ እንደሆነ እያወቅሁ ተቀየምኩሽ። ይኼው ተናገርኩት፣ ወጣልኝ።

እንግዲህ እየተዘጋጀሁ ነው። መጋረጃውን አውርጄ አጥቤያለሁ። የስፌት መሣሪያዬን ከኋላው በር አርቄ መስኮቱ ሥር አድርጌዋለሁ። ቆርቆሮውን በሳሙና አሽቼ ቁልፎቹን ብቻ መለስኩበት። በሲጋራው ፈንታ የማኝከው ካሮት ገዝቻለሁ፤ እጄ ለምዶበት እሱንም በመቀስ እኩል ቆረጥኩት። ለአለቃችን ስነግረው "እሰይ፣ አሥሯን ደቂቃ አተረፍኩ" አለ። "አሥሯ ደቂቃማ የኔ ናት፣ ሲጋራውን ነው የምተወው" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን አልቀለድኩም።

አሁን የሚያስጨንቀኝ አንቺ ነሽ። በሚመጣው ወር ለሁለት ሳምንት እመጣለሁ ብለሻል። አንቺ ታጨሺ አታጨሺ አላውቅም፤ በስልክ ጠይቄሽም አላውቅ። ብታጨሺ፣ አንዱን አውጥተሽ መቀሴን ስታዪው እጄ አይታዘዘኝም ብዬ እፈራለሁ። ትተሽው ከሆነ ደግሞ ብቻዬን አቆየሽኝ ብዬ እንዳልቆጣሽ እፈራለሁ። ከሁሉ የባሰው፣ ያ ግማሽ ከመሃላችን ቢወጣ እዚያ ደረጃ ላይ ምን እያደረግን እንቀመጣለን የሚለው ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያወራነው ሁሉ በጭሱ መሃል ነው። ስትመጪ "ቁረጪልኝ" እንዳትዪኝ ብቻ አደራ። ሌላውን እንደምንም እንለምደዋለን።

ይኼን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት መሣሪያዬ ላይ ሆኜ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ። ደርሰሽ እስክንተያይ ደህና ሁኚ፤ እኔም ነገን እሞክራለሁ።

የደረጃ ጓደኛሽ

ይኼን ደግሞ ከታች ልጨምርልሽ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ልከተው ስል የኋላው በር ተንኳኳ። ጋጋሪው ነው፣ በክራንች ደረጃውን ወጥቶ። ላብ በላብ ሆኗል። ወንበር ሰጠሁት።

"ነገ ነው አሉኝ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ልብስ ተኳሹ። ከሦስት ቀን አታልፍም ብሎ ከልጄ ጋር በዳቦ ተወራርዷል።"

"ልጅህስ?"

"ታልፋለች ብላለች። ዳቦዋን ግን አይተሽዋል፤ ብትሸነፍም ብዙ አንጎዳም።" ግንባሩን በእጅጌው ጠረገና "የሚብስብሽ በስንት ሰዓት ነው?" አለኝ።

"አራት ሰዓት ላይ።"

"እንግዲያው ነገ አራት ሰዓት ሲሆን ከታች እነሳለሁ። አሥራ አራት ደረጃ ነው፤ ዛሬ አሥር ደቂቃ ፈጅቶብኛል። አንቺ ከላይ ቁጭ ብለሽ እንዳልወድቅ እዪኝ።"

እሺ አልኩት። ስላንቺም ጠየቀኝ፤ በሚመጣው ወር እንደምትመጪ ነገርኩት። ተነስቶ ክራንቹን ብብቱ ሥር እያስተካከለ ትንሽ አሰበና "እስከዚያ ሳልለምደው አልቀርም፣ በአምስት ደቂቃ እወጣው ይሆናል" አለ። "እሷ ስትመጣ ቀስ እንድል አስታውሺኝ፤ አሥሯን ደቂቃ ሁለታችሁም እዩኝ።"