በስምህ የተቆረጠው እግር

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ደርዊሽ ሰይድ፣ ሐርቡ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንደምን ከርመሃል? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ? ማሽላው ያዘ ወይ፣ ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ቤቱ ደጁ ሰላም ነው ወይ? እማ እንዴት ናት፣ ዓይኗስ ተሻላት? ሐጀራስ፣ ልጆቹስ፣ የልጅ ልጆቹስ? ጎረቤትህ አደሴስ እንደምን አለ? አንተስ ራስህ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ፣ ጉልበትህ፣ እግሮችህ ደህና ናቸው? ሁለቱም?

እኔ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ደብዳቤ ሲጻፍ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ይባላል፤ እኔ ግን ደህናም አይደለሁም፣ አልናፈቅከኝም። ባለቤቴ በድሪያ እንዲህ ብለህ አትጀምር፣ ታላቅህ ነው እያለችኝ ነው። ታላቅነትህን አልካድኩም፤ ለዚያ ነው ጋሼ የምልህ። ስልክ ስደውልልህ ስለማታነሳ ወረቀት ያዝኩ። ስልክ ይዘጋል፤ ወረቀት ግን እስኪነበብ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ላስታውስህ። ሰው ደጋግሞ የዋሸውን ነገር ራሱም እውነት ይመስለዋል። በ1980 ዓ.ም. የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለብሔራዊ ውትድርና የጠራው አንተን ነበር። አባታችን ሞቷል፣ ሞፈሩ በአንተ እጅ ነው፣ ሐጀራ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። እማ እኔን ጠርታ አንተ ሂድለት አለችኝ። አሥራ ሰባት ዓመት አልሞላኝም፤ በቁመት ግን ካንተ እኩል ነበርኩ። ሊቀመንበሩ የታዘዘው የሰው ቁጥር እንዲሞላ ነው፤ ማን እንደሞላው ግድ አልነበረውም። ደርዊሽ ሰይድ ተብሎ ሲጠራ እኔ አቤት አልኩ። ከዚያ ወዲያ በረሃ የወረደው፣ የተራበው፣ ከረን አጠገብ ፈንጂ የረገጠው ደርዊሽ ሰይድ ነው። ሐኪሙ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ሲቆርጠው ካርዱ ላይ የጻፈው ያንተን ስም ነው።

መንግሥት ሲለወጥ በክራንች እየዘለልኩ አቃቂ ደረስኩ። ወደ አገር ልመለስ ስል አንድ መንደር ሁለት ደርዊሽ አይችልም፣ ነገሩ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ቆይ ብለህ ላክህብኝ። ይኸው እስካሁን አልቀዘቀዘም። እዚህ ስሜን መልሼ ያዝኩ። በዘካሪያነቴ አገባሁ፣ በዘካሪያነቴ ወለድኩ፣ ባጃጅ ተራ ላይ በዘካሪያነቴ ተራ አስከብራለሁ። ደርዊሽ የምሆነው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ለጦር ጉዳተኞች ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩት ዘንድ። በድሮው የወታደር መታወቂያዬ ደርዊሽ እያሉ ይለኩኛል፣ አዲሱን አጥልቄ ዘካሪያ ሆኜ እወጣለሁ። ማንም አልተጎዳበትም ነበር።

አሁን ሁሉም በኮምፒውተር ሆነና አሻራ ስጥ አሉኝ። አሻራዬ ዘካሪያ ነኝ አለ፤ የአገልግሎት መዝገቤ ደርዊሽ ነኝ አለ። መዝገብህን አስተካክል፣ ያለዚያ እግር የለም ተባልኩ። አሮጌው እግሬ ደግሞ ተሰንጥቋል። በጎማ ካላማዳሪ ጠፍሬው ነው የምረግጠው፤ የባጃጅ ልጆቹም አባ ጎማ የሚል ስም አውጥተውልኛል። በነሱ አልቀየምም፣ እነሱ ሲያዩኝ የሚያስቃቸውን ይናገራሉ እንጂ ወረቀት አይጽፉብኝም። የቀረችኝን ጉቶ ግን ያ የተሰነጠቀ ነገር እየፋቀ አቆሰላት።

መጀመሪያ የወታደሮች መዝገብ ቤት የሄድኩት ሰይፈሥላሴን ይዤ ነው። ሰይፈሥላሴ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚኖር የጦር ሜዳ ጓደኛዬ ነው፤ ፈንጂው የጣለኝ ጊዜ በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ እሱ ነው። ከረቫት አስሮ፣ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። መንገድ ላይ ነገሩን ሁሉ አስረድቼዋለሁ። ይሁንና ጠረጴዛ ፊት ሲቆም ወታደርነቱ መጣበት። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ሥርጉት ይህን ሰው ያውቁታል ወይ ብላ ብትጠይቀው፣ እንዴት አላውቀውም፣ ደርዊሽ ነው አላት። እሳቸው ግን ዘካሪያ ነኝ ነው የሚሉት ስትለው ወደ እኔ ዞሮ ዘካሪያ ደግሞ ማን ነው አለኝ። ምን ይበል? ከጎረምሳነታችን ጀምሮ ሲጠራኝ የኖረው በዚያ ስም ነው፤ ሚስቱ እንኳ ጋሽ ደርዊሽ ነው የምትለኝ። ወይዘሮ ሥርጉትም ደርዊሽ ከሆኑ ታዲያ ዘካሪያ የሚለው መታወቂያ የማን ነው አለች። ሊያድነኝ መጥቶ በሐሰተኛ ሰነድ ሊያስከስሰኝ ነበር። ስንወጣ እሱ አለቀሰ፣ እኔ ሳቅሁ።

ሥርጉት ክፉ ሴት አይደለችም። በሌላ ቀን ለብቻዬ ስሄድ ድምጿን ዝቅ አድርጋ መከረችኝ። በመጀመሪያ የተጠራው ሰው፣ የተጠራሁት እኔ ነበርኩ፣ በስሜ የሄደው ግን ወንድሜ ነው ብሎ በቀበሌው በኩል ጽፎ ከላከ ይበቃል አለችኝ። እሱ ካልሆነ ወላጅም ይቻላል አለች። ያን ቀን በደስታ ነው ቤቴ የገባሁት። ከወንድሜ የሚፈለገው አንድ ቃል ነው፣ ይህን ማን ይነፍገኛል አልኳት በድሪያን። እሷ እስኪጽፍ እንይ አለችኝ፤ አንተን ከእኔ ይልቅ ሳታውቅህ አልቀረችም። በስልክም ስነግርህ፣ ወላሂ ዛሬ ነገ ሳልል እጽፋለሁ፣ ለዚህ ለዚህ ምን ታስለምነኛለህ አልከኝ። የዚያን ጊዜ ድምፅህ የልጅነታችን ድምፅ መሰለኝ።

እንግዲህ የጻፍከው እንዴት እንደተነበበ ልንገርህ። ማኅተሙ ደማቅ ነው፣ ምስክሮች ፈርመውበታል፣ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። ሥርጉት ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረችው፤ እየገፋች ስትሄድ ዝቅ አደረገችው። በብሔራዊ ውትድርና ዘምቼ አገሬን ያገለገልኩት እኔ ደርዊሽ ሰይድ ነኝ ትላለህ። ወንድሜ ዘካሪያ ውትድርና የሚባል አያውቅም፣ በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ ጠፍቶ ሄዶ እግሩን ያጣው በመኪና አደጋ ነው ትላለህ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ችግረኛ ስለሆነ ነውና እንዳትጨክኑበት ብለህ ለምነህልኛል። አላህ ይስጥህ። ከሁሉ ያቃጠለኝ ያቺ ልመና ናት።

ለምን እንደጻፍከው ይገባኛል። ከወሎ የሚመጡት ሹፌሮች የማይነግሩኝ ነገር የለም። ጦርነቱ ወደ እናንተ በመጣ ጊዜ፣ ያኔ ማን እንደዘመተ የሚያውቁት የድሮ ሰዎች ስላለቁ፣ የድሮ ወታደር ነኝ ብለህ የመንደሩን ጎረምሶች ሰብስበህ አሠልጥነሃል፤ መርተህም ሄደሃል። የአደሴ ልጅ አንተን ተከትሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ዛሬ ጠመንጃ ይዤ አላውቅም ብለህ ብትፈርም አደሴ ደጅህ ላይ ይቆማል። ልጄን ወዴት ነው የመራኸው ይልሃል። ፈርተሃል። ሰው ነህና መፍራትህ አይደንቀኝም። ነገር ግን ከአንተ ፍርሃት ጋር የእኔን እግር ማን አጣመደው? የድሮውን ፍርሃትህን እኔ ዘመትኩልህ። ለአሁኑም የላክኸው እኔኑ ነው።

ወላጅም ይቻላል የተባለው ትዝ አለኝና ለእማ ደወልኩ። አንተ ጁምዓ ሄደህ ነበር። ስልኩን ያቀበለቻት ሐጀራ ናት፤ እሷን እንዳትቆጣ። እማ አልጃጀችም፣ ምንም አልረሳችም። የሸኘችኝን ቀን፣ የቋጠረችልኝን ቆሎ ሳይቀር ነገረችኝ። እንግዲያው ይህንኑ ለቀበሌው ንገሪልኝ አልኳት። አንተ መቼም ለምደኸዋል፣ እሱ ግን ይህን አይችለውም፣ ልጆቹን ይዞ ከአገር ይወጣል፣ በአላህ ተወው አለችኝ። ከዚያ መረቀችኝ። ረጅም ምርቃት ነበር፤ አሜን፣ አሜን እያልኩ ጨረስኩት። እናት በአንድ ልጇ ላይ ሁለት ጊዜ ትፈርዳለች ብዬ አላስብም ነበር። ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ በድሪያ በሩን ዘጋችልኝ።

ውሳኔው የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሥርጉት ለአለቃዋ ልታስረዳልኝ ሞክራ ነበር። መዝገቡ የደርዊሽ ሰይድ ግራ እግሩ ተቆርጧል ይላል፣ ይህን የጻፈው ሰው ግን በሁለት እግሩ ቀበሌ ሄዶ ፈርሟል፣ እንዴት ይሆናል አለችው። አለቃው ፋይሉን እያገላበጠ ቆየና ስህተቱን አገኘሁት አለ። የጉዳቱ ማስታወሻ በስህተት የገባ የሌላ ሰው ነው ብሎ በቀይ ሰረዘው፣ ፈረመበት፣ ማኅተም መታበት። እንኳን ደስ ያለህ ጋሼ፣ እግር አበቀልክ። መዝገቡ አሁን ተስተካክሏል፣ አንድም እንከን የለበትም፤ ዘማቹ ደርዊሽ ሰይድ ነው፣ ሙሉ ጤነኛ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ አንተን ይዟል፣ ሞኙ እኔ ነኝ።

አሮጌውን መታወቂያዬን ፊቴ ላይ በመቀስ ቆረጡት። በሰው ስም ስትገለገል ኖረሃልና መከሰስ ነበረብህ አለኝ አለቃው፤ ወንድምህ ስለለመነልህ ግን ትተንሃል፣ ሂድና አመስግነው አለኝ። ይኸው አመሰገንኩህ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ክረምቱ ገብቶ ወጣ፣ ጉቶዋም ጠቆረች። ሐኪሙ ካያት በኋላ ከጉልበት በላይ መቆረጥ አለበት፣ ያለዚያ ቁስሉ ወደ ላይ ይወጣብሃል አለኝ። ቀኑ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው። ጉልበቴ ከሄደ በኋላ በዚህ ዕድሜዬ እግር ቢሰጡኝም አልራመድበትም። ተራ ማስከበሩን ለሌላ ሰው አስረክቤአለሁ፤ ባጃጆቹ በበራችን ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉልኛል።

ሆስፒታሉ አንድ ነገር ጠየቀኝ። የሚቆረጠውን ተረክቦ የሚቀብር ቤተሰብ አለህ ወይ አሉኝ። የድሮውን ማንም አልጠየቀኝም፣ የት እንደተጣለ አላህ ይወቀው። የመስጊዳችንን ኢማም ባማክራቸው፣ ሶላት አይሰገድበትም፣ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ማንኛውም የሙስሊም አካል በክብር ይቀበራል አሉኝ። በድሪያ እኔ እወስደዋለሁ አለች። ሰይፈሥላሴም ክርስቲያን ነህ ካላላችሁኝ እኔ እይዘዋለሁ አለ። ለሁለቱም አይሆንም አልኳቸው። ተረካቢው ማነው ሲሉኝ ታላቅ ወንድሜ ነው አልኩ፤ ስምህን ከነአባትህ አስመዘገብኩ።

ለሐጀራ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ስልኩን ስላቀበለችልኝ አላህ ያክብራት። በጽንስ የሸኘኝን የመጀመሪያ ልጅህን፣ ተከታዮቹንም፣ የልጅ ልጆችህንም አንድ በአንድ ሳምልኝ፤ እነሱ ምንም አላጠፉም። እማን ጉልበቷን ሳምልኝ። ምርቃቷ ደርሶኛል በላት። በድሪያና ልጆቼ ሰላም ብለዋችኋል። ለአደሴ ሰላምታ በአንተ በኩል አልልክም። ይህን ደብዳቤ የያዘው ሹፌር ቃሊቲ መጋዘን ማሾ ሊያራግፍ የመጣው የአደሴ የእህት ልጅ ነው፣ ማንበብ ይችላል፣ ደብዳቤውንም አላሸግኩትም። በቀል ነው ወይ ብትል፣ አዎ፣ በቀል ነው።

ሐሙስ ጠዋት ና። ጨርቁ ተገዝቷል፣ የመቃብሩም ቦታ ተለምኗል። ዘመቻውን ወስደሃል፤ እግሩንም ናና ውሰድ።

ታናሽህ ዘካሪያ ሰይድ

አቃቂ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.