የዘርፌ ቦታ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ላቀች፣ መተማ፤

እንዴት ከረምሽ እታለም? ክረምቱስ እንዴት አለፈላችሁ? ወባው ለቀቀሽ ወይ? ወበቁስ በረደላችሁ? እኔ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ በእግሬ ቆሜአለሁ። ስልኩ ከተቋረጠ ስለሰነበተ ይህን ለሰሊጥ አጨዳ በሚወርደው በአማረ እጅ ልኬልሻለሁ።

የትናየትን ልላክልሽ፣ ከምትሠሪበት መጋዘን አስገቢልኝ ያልሽው መልእክት ደርሶኛል። ዝም ብል «ለእህቷ ልጅ እንጀራ ነፈገች» ማለትሽንም ሰምቻለሁ። ከአንቺ አፍ መውጣቱ አንገበገበኝ። ክፍት ነው ሲሉ የሰማሽው ቦታ የዘርፌ ነው።

ዘርፌ አብራኝ እህል የምታበጥር፣ ከቤተ ልሔም አገር የመጣች ልጅ ነበረች። የመጋዘኑ ጌታ ነጋዴው ስንዴውን ነቀዝ እንዳይበላበት በጆንያው መካከል ክኒን ያደርግና በሸራ ያፍነዋል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ ጋዝ ይተፋል፤ ነቀዙን የሚፈጀው እሱ ነው። ሸራው ሲነሳ አመድ ይቀራል። ያን አመድ የምንጠርገው እኛ ነን። አመድ ምን ያደርጋል ብለን! ዘርፌ እናቶቻችን እንዳስለመዱን፣ አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ረጨች። ለካ አመዱ ውስጥ ያላለቀ ክኒን ነበረበት። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሸተተን። እሷም «ጌታችን ዛሬ ወጥ ሊያበላን ነው መሰል» ብላ አሳቀችን። ሌሎቹ ጆንያ ሊያራግፉ፣ እኔም ወንፊት ላመጣ ወጣን። ስመለስ በአፍጢሟ ተደፍታ አገኘኋት። ሐኪም ቤት አደረስናት፤ በማግስቱ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ አደጋውን እናጣራለን ያሉ ሁለት ሰዎች መጡ። ነጋዴው በሩንም መስኮቱንም ከፋፍቶ፣ አናፍሶ ጠበቃቸው። መለኪያቸውን ይዘው ዞሩና ጋዝ የለም፣ ጥፋቱ ውሃ የረጨችው የሟቿ ነው ብለው ሄዱ። እኔ ሰው ፊት የማልናገረው፣ ውሃ አትርጩ ብሎ የነገረን ማን ነው ብዬ ነጋዴውን ጠየቅሁት። «የክኒኑ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል እኮ፣ አንቺ ደግሞ ፊደል ቆጥሬአለሁ ትያለሽ» አለኝ። ቆርቆሮውን ከቤቱ ቆልፎበት ይኖራል። ጽሑፉም የፈረንጅ ነው። አሁን ለጥንቃቄ ብሎ አፋችንን የምንሸፍንበት ብጣሽ ጨርቅ ሰጥቶናል። በጨርቁም ውስጥ ያው ይሸተናል።

እኔ ሌላ መግቢያ ስለሌለኝ እገባለሁ። የትናየትን ግን በእጄ ይዤ አላስገባትም። ነጋዴው ሰው አምጪ ሲለኝ ዘመድ የለኝም ብየዋለሁ። ቂም ብትይዥብኝ ያዥ። ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጠሽ ብትረግሚኝ ይሻለኛል።

ለጋሼ ሞገስ እጅ ነሥታለች በይልኝ። ተስፋሁንን ጉንጩን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እማማ ንግስትን እንደምን ሰነበቱ በይልኝ። የትናየትንም አንገቷን አቅፈሽ ሳሚና፣ አክስትሽ አትምጪ ብላሻለች በያት።

እህትሽ አበባየሁ
ንፋስ መውጫ፣ መስከረም 19 ቀን 2018 ዓ.ም.